ኮዱን ስትነኩ ማብራሪያውንም ንኩ

ልጆች፣ ከሃያ ዓመት በላይ ኮድ ስጽፍ ኖሬያለሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ ስህተት ግን ኮድ ውስጥ አልነበረም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበር።

ለቢሮአችን ሥራ ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍና የኮድ መጻፊያ ኤዲተር ላይ የጨመርነው ፕሮግራም ነበር። አንዱ ፋንክሽን፣ ማለትም ስም ተሰጥቶት አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ ባዶ ዝርዝር ሲሰጠው ስህተት አውጥቶ ይቆም ነበር። እኔ ዝም ብሎ ኒል፣ ማለትም ባዶ መልስ፣ እንዲመልስ ቀየርኩት። ፋንክሽኑ ምን እንደሚሠራ የሚናገረውን ማብራሪያ ነገ አስተካክለዋለሁ ብዬ አለፍኩ። ያ ነገ ሳይመጣ ቀረ። ከወራት በኋላ አንዲት ባልደረባዬ ማብራሪያውን አንብባ ፋንክሽኑን ተጠቀመችበት። ሥራዋ ሲበላሽባት ሁለት ቀን ሙሉ የራሷን ኮድ ስትፈትሽ ዋለች። ጥፋቱ የሷ አልነበረም። እሷ እኔ የተውኩትን ጽሑፍ ነው ያመነችው።

የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1984 ጂኤንዩ ኢማክስን፣ ይህንኑ የምንጠቀምበትን ኢማክስ፣ መጻፍ ጀመረ። ኤዲተሩ ራሱን በራሱ የሚያስረዳ ነው ይባላል። ኮንትሮልንና ኤችን አብራችሁ ተጫኑ፤ ከዚያ ኤፍን ነክታችሁ የፋንክሽኑን ስም ጻፉ። ማብራሪያው ወዲያው ይመጣል። ይህ ጽሑፍ ሌላ ቦታ የተቀመጠ መጽሐፍ አይደለም፤ ፋንክሽኑን የጻፈው ሰው እዚያው ኮዱ ውስጥ ያሰፈረው ነው። ጽሑፉ ከተሳሳተ ኤዲተሩም ተጠቃሚውን ያሳስታል።

ስለዚህ የኢማክስን ቤት ደንብ ልመዱ። የማብራሪያው የመጀመሪያ መስመር ራሱን የቻለ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ አፕሮፖስ በሚባለው የፍለጋ ትእዛዝ ለሚፈልግ ሰው የሚታየው እሱ ብቻ ነው። "ይመልሳል" ሳይሆን "መልስ" በሚል ትእዛዝ ይጀመር። ፋንክሽኑ የሚቀበላቸው ነገሮች ስም በትልልቅ የላቲን ፊደል ይጻፋል። እኛ ትልቅና ትንሽ በሌለው ፊደል ስላደግን ይህቺን ቶሎ እንረሳታለን።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጀማሪ ሲያጠፋ አይቻለሁ። ሁለተኛውን መስመር ከመጀመሪያው ጋር እኩል እንዲሆን በባዶ ቦታ ይገፉታል። ሶርሱ፣ ማለትም የተጻፈው ኮድ፣ ላይ ያምራል። ማብራሪያው በእርዳታ መስኮት ሲከፈት ግን ያ ባዶ ቦታ አብሮ ይመጣና መስመሮቹ ተንጋደው ይታያሉ። የምትጽፉት እዚያ ለሚያነበው ሰው ነውና መስመሩን ከዳር ጀምሩት።

ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው የኢማክስ ክፍል ሌላ መንገድ አለው። ማብራሪያው ኮሜንት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚያልፈው ማስታወሻ፣ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኢማክስ ሲገነባ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሁሉንም ሰብስቦ ዶክ የሚባል ፋይል ውስጥ ያስገባዋል። ማብራሪያና ግንባታ እዚህ ላይ አንድ ሥራ ናቸው። ከ28ኛው እትም ወዲህ ደግሞ የማብራሪያው መስመር ከ80 ፊደል ካለፈ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ራሱ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ያወጣል። ዋርኒንጉን እያያችሁ አትለፉት። ቼክዶክ የሚባል መሣሪያም አለላችሁ፤ የማብራሪያውን ቅርጽ ይፈትሽላችኋል። የጻፋችሁት እውነት መሆኑን ግን ከእናንተ በቀር የሚያይ የለም።

የኢማክስ አዳዲስ ለውጦች በሚዘረዘሩበት ኒውስ በሚባለው ፋይል ውስጥ አንድ የምወደው ልማድ አለ። ከአዲሱ ለውጥ በላይ ሦስት የመደመር ምልክት ካለ መመሪያው መጽሐፍ ተስተካክሏል ማለት ነው። ሦስት ሰረዝ ካለ ማስተካከል አያስፈልገውም። ምንም ምልክት ከሌለ ሥራው ገና አላለቀም። እኔ ያኔ ይህን የመሰለ ምልክት ቢኖረኝ ኖሮ ያቺ ባልደረባዬ ሁለት ቀኗን ባላጣች።

ለመጀመር አትፍሩ። ኮንትሮል ኤች ብላችሁ እንደገና ኤችን ብቻ ስትነኩ በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ሰላምታ ይከፈታል፤ አማርኛችንም "ሠላም" ብሎ እዚያ አለ። ሶርሱን አውርዱ፣ ስለ አስተዋጽኦ የሚያስረዳውን ኮንትሪቢውት የሚለውን ፋይል አንብቡ፣ ሜክ በሚለው ትእዛዝ ገንቡት። ከዚያ በደንብ የምታውቁትን አንድ ፋንክሽን ምረጡና ማብራሪያውን ከኮዱ ጋር አስተያዩ። የማይገጥም ነገር ካገኛችሁ አርማችሁ ለኢማክስ ሠሪዎች ላኩ። ከ15 መስመር በታች ለሆነች እርማት የኮፒራይት (የጽሑፍ ባለቤትነት መብት) ማስተላለፊያ ወረቀት መፈረም እንኳ አይጠበቅባችሁም።