ጢስ ዓባይን በፋሲካ? ይቅርብሽ

«ለፋሲካ ባሕር ዳር ስንመጣ እናቴን ጢስ ዓባይ ልውሰዳት አስቤ ነበር፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ትችለዋለች?» ላልሽው እህቴ፣ ጉልበታቸው ሌላ ጉዳይ ነው፤ መጀመሪያ ፋሲካውን ተይው። እኔ ሄጄ ተቃጥያለሁ።

ሚያዝያ ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቼን ይዤ፣ በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያለው ፏፏቴ እኮ ነው እያልኩ መንገዱን ሙሉ ጉራዬን ስነዛ ሄድኩ። ስንደርስ ጥቁር ገደል። ጥግ ላይ ቀጭን ነጭ ክር የመሰለ ውሃ። አጎቴ ቆም ብለው አዩና «ጢሱ የታለ?» አሉኝ። ምን ልበል?

በጋ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስልሽ። ከጣና የሚወጣው ውሃ ባሕር ዳር ላይ በግድብ ይመጠናል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙው በዋሻ ወደ በለስ ማመንጫ ይሄዳል። የተረፈውንም ከፏፏቴው አጠገብ ያሉት የመብራት ማመንጫዎች ሲሠሩ ይሻሙታል። መብራቱም ያስፈልገናል፣ ምን ይደረግ።

በሌላ ዓመት መስከረም ላይ ብቻዬን ተመለስኩ። ሌላ አገር ነው! ገና ሳታዪው ድምፁ ይሰማሻል፣ ከአርባ ሜትር በላይ ከፍታ እየተወረወረ ሲወርድ ጢሱ ማዶ ያለውን ዛፍ ሁሉ ያለብሰዋል፣ ፊት ለፊት የቆመ ሰውም በስብሶ ነው የሚመለሰው። ጠዋት ከሄድሽ ቀስተ ደመናውንም ታያለሽ።

አሁን ወደ እናትሽ። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል ነው፤ ድልድዩ ደስ ይላል፣ ግን ቁልቁለትና ዳገት ነው፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል፤ እሳቸውን በዚያ እንዳትወስጃቸው። ሌላው በጀልባ ዓባይን ተሻግሮ በሜዳው መሄድ ነው። ይሄኛውን ቀስ እያሉ ይችሉታል። ችግሩ ውሃው በጣም ሲሞላ ጀልባው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ለእናንተ ጥቅምት ነው የሚሻለው፦ ውሃው አለ፣ ጭቃው ደርቋል፣ ጀልባውም አለ።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም እኔ ስሄድ መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ስለነበር በጠዋት ውጡ። ቲኬት እዛው ጢስ ዓባይ ከተማ ውስጥ ትቆርጫለሽ፤ ወደ ፏፏቴው ከወረድሽ በኋላ እንዳይመልሱሽ። ለእናትሽ ቅያሪ ነጠላ ያዢ፣ ስልክሽን ደግሞ ፌስታል ውስጥ ክተቺው።