መልስ፦ የእንግሊዙ የአትክልት ካላንደር ለደብረ ማርቆስ ጓሮ ይሆናል?

ወንድሜ፣ ካላንደሩ ቲማቲምን በግንቦት መጨረሻ ከችግኝ ወደ መደብ አዛውር ስለሚል እንዳለ ልከተለው ወይ ብለሃል። እባክህ አትከተለው። እነሱ ግንቦትን የሚጠብቁት ውርጩ እስኪያልፍ ነው። እኛ ዘንድ ውርጭ የሚያሰጋው ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ነው። በግንቦት ያዛወርከው ቲማቲም ደግሞ የሚያብበው በሐምሌ ዝናብ መሀል ነው። ያኔ ምች ይመታዋል፦ ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፣ በስተጀርባው ነጭ ሻጋታ ይታያል፣ በጥቂት ቀን ተክሉ እንዳለ ይጠቁራል። ሳየው ሁሌም ያሳዝነኛል።

ውሃ ካለህ ዘሩን በታኅሣሥ አፍላ፣ ማታ ማታ ችግኙን በባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ሸፍነው፣ በጥር መጨረሻ አዛውር። ክረምቱ ሳይገባ ትለቅማለህ። ይህ ለደብረ ማርቆስ ነው። ባሕር ዳር ወደ 600 ሜትር ዝቅ ስለሚል ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ይሞቃል፤ እዚያ ጥቅምት ላይ በመስኖ መጀመር ይቻላል።

ከወሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሽንኩርቱ ዘር ነው። የእነሱ ቀይ ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው ቀኑ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲረዝም ነው፤ ጎጃም ውስጥ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ብትዘራው ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀርብሃል። እንደ ቦምቤ ሬድ ያለ ለአጭር ቀን የሚሆን ዘር ፈልግ።