በሬ የሚቀርበው ለበቅሎ ነው ወይስ ለቀንበር?

ጥያቄ፦ መምህራችን የቃላት ቅርበት በቁጥር ይለካል ብለው «በሬ» ከ«ቀንበር» ይልቅ ለ«በቅሎ» እንደሚቀርብ ነገሩን። በሬና ቀንበር አብረው ይውላሉ፤ በሬንና በቅሎን ምን አገናኛቸው? (ከአንድ ተማሪ)

መልስ፦ መምህርዎ ልክ ናቸው፤ እርስዎም አልተሳሳቱም። ያላግባባችሁ «መቅረብ» የሚለው ቃል ነው፤ ሁለት ነገር ተሸክሟል። የሥጋ ዘመድ አለ፤ ልጅ በመዳር የሚገኝ ዘመድም አለ። በሬና በቅሎ የሥጋ ዘመዶች ሲሆኑ፣ በሬና ቀንበር አማቾች ናቸው። «በሬ ካራጁ ይውላል» ሲባልም አብሮ መዋል እንጂ መመሳሰል አልተነገረም።

ልኬቱ የሚሠራው በሥጋ ዝምድናው ነው። የዘር ሐረጉን እንቁጠር። «እንስሳ» አንደኛ ደረጃ ላይ ይቀመጥ፤ ከሥሩ «ከብት»፤ ቀጥሎ «የቀንድ ከብት» እና «የጋማ ከብት»፤ በአራተኛው ደረጃ በሬ፣ ላም፣ ፈረስ፣ በቅሎ። የቋንቋና የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ዉ እና ፓልመር በ1994 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ቀመር ሁለቱ ቃላት የሚገናኙበትን የቅርብ አያት ደረጃ በሁለት አባዝቶ ለቃላቱ ደረጃ ድምር ያካፍለዋል። በሬና ላም የሚገናኙት «የቀንድ ከብት» ላይ ነው፤ 6 ለ8 ሲካፈል 0.75 ይሆናል። በሬና በቅሎ እስከ «ከብት» መውጣት አለባቸው፤ 4 ለ8፣ ማለትም 0.5። ቀንበር ከነሞፈርና ድግር ጋር «የእርሻ መሣሪያ» ሥር ስለሆነ በሬን የሚያገኘው «እንስሳ»ንም አልፎ «ነገር» ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ ድረስ ከተወጣማ ማን ከማን አይገናኝም!

እኔ ግን ለቁጥሩ ያን ያህል አልሰግድም። ብዙው ከተሜ «ከብት» ሲባል ላምና በሬ ብቻ ይታየዋል፤ በእርሱ የዘር ሐረግ በቅሎ ከበሬ ትርቃለች። ደግሞም ቀመሩ እርምጃውን ሁሉ እኩል ይቆጥራል፤ ከ«ወይፈን» ወደ «የቀንድ ከብት» መውጣትና ከ«እንስሳ» ወደ «ነገር» መዝለል ለእርሱ አንድ ናቸው። ሌላው ተመራማሪ ፊሊፕ ሬዝኒክ በ1995 እ.ኤ.አ. እርምጃ መቁጠሩን ትቶ፣ የጋራ አያቱ ከነዘሮቹ በጽሑፍ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ያጋጥማል ብሎ ጠየቀ። አያቱ ብርቅ ከሆነ ቅርበቱ ይጠነክራል፤ እንደ «ነገር» በየገጹ የሚገኝ ከሆነ ግን ከምንም አይቆጠርም።

በጽሑፍዎ በሬንና በቅሎን «ተመሳሳይ»፣ በሬንና ቀንበርን «ተዛማጅ» ይበሏቸው። ባላገርም «ተዛመዱ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ልጅ ለተሰጣጡ ሰዎች ነው።