መልስ፦ የቪትዜ ኩላንት ቀንሷል፣ የቧንቧ ውሃ ልጨምርበት?

ወንድሜ፣ የቪትዝ መኪናዬ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከ«ሎው» መስመር በታች ወርዷል፣ የቧንቧ ውሃ ልጨምርበት ወይ ላልከው፦ እባክህ መጀመሪያ ሞተሩ ይቀዝቀዝ። ቢቻል ጠዋት ሳታስነሳው እየው። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ ከከፈትከው ታፍኖ የቆየው የፈላ ውሃ ፊትህ ላይ ነው የሚወጣው፣ በዓይኔ ያየሁት ነገር ስለሆነ ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም።

የምትጨምረው ከራዲያተሩ አጠገብ ባለችው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነው። በ«ሎው» እና በ«ፉል» መካከል ይበቃል። አፍ እስከ ገደፉ አትሙላው፣ ሲሞቅ መጠኑ ስለሚጨምር ቦታ ይፈልጋል። የኩላንቱ ቀለም ስለተመሳሰለ ብቻ አንድ ዓይነት ነው ማለት አይደለም፣ የመኪናውን መጽሐፍ ተመልከት። ያልተበረዘ ኩላንት ከገዛህ በዲስትልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ እኩል በእኩል በርዘው። የቧንቧ ውሃ መንገድ ላይ ሲጨንቅ እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም፣ ዝገት ያመጣል፤ ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ንጹህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ ኩላንትም በደንብ የሚገጥም ክዳንም ያስፈልግሃል።

በየሳምንቱ የሚጎድል ከሆነ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ። ቱቦዎቹንና የውሃ ፓምፑን አሳይ። የሞተር ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ አታሽከርክረው፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ የላይኛው ክፍል ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።