ለክሊኒካል ሙከራ ሌላ አገር ልሄድ ነው፤ ቲኬት ልቁረጥ?

ጥያቄ፦ የጡት ካንሰር ታማሚ ነኝ። ሐኪሜ ሌላ አገር በሚካሄድ ክሊኒካል ሙከራ (አዲስ መድኃኒት በታማሚዎች ላይ በሚሞከርበት ጥናት) ልሳተፍ እንደምችል ነግረውኛል። እህቴ አስታማሚ ሆና አብራኝ ትሄዳለች። ቲኬት ቀደም ብሎ ከተቆረጠ ይረክሳል ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል? ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ቲኬቱን ትንሽ ያቆዩት። ብዙ ሰው ገና ለማጣሪያ ምርመራ (ለሙከራው ብቁ መሆኑ ለሚታይበት) ሲጠራ ሙከራው የተቀበለው ይመስለዋል። በማጣሪያው ግን መውደቅም ሊኖር ይችላል። የጉበት ወይም የኩላሊት ውጤትዎ ከተቀመጠው ልክ ትንሽ ካለፈ፣ ወይም የቀድሞ መድኃኒትዎ ከሰውነትዎ ገና ካልወጣ ሊመልሱዎት ይችላሉ። (ለማጣሪያው ብለው ግን መድኃኒት በራስዎ እንዳያቋርጡ።) ስለዚህ የመጀመሪያውን ጉዞ ለምርመራ ብቻ እንደሚሄዱ ይቁጠሩት። የመመለሻ ቀኑ የሚቀየር ቲኬት ይሻላል፣ ቢወደድም።

ከሁሉ በፊት የሙከራውን አስተባባሪ በስልክ ያግኙ። ብዙ ጊዜ ነርስ ናቸው፤ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ከዋናው ተመራማሪ ይልቅ የሚጠቅሙዎት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ከምርመራዎቹ የትኞቹ እዚሁ አገሬ ሊሠሩ ይችላሉ? ስንት ጊዜ መመላለስ አለብኝ? የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ ማን ይችላል፣ የእህቴንስ? ገንዘቡ ቀድሞ ይሰጣል ወይስ በደረሰኝ ይመለሳል? በደረሰኝ ከሆነ የታክሲዋንም እንዳይጥሉ። መድኃኒቱ ጉዳት ቢያደርስብኝ ማን ያሳክመኛል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የሚሞከረው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ለተሳታፊ በነፃ ነው። ለእሱ ክፈሉ ከተባሉ ሐኪምዎን ሳያማክሩ ሳንቲም አያውጡ።

የስምምነት ፎርሙን ከጉዞው በፊት እንዲልኩልዎ ይጠይቁና ቤትዎ ተረጋግተው ያንብቡት። እዚያ ደርሰው ሲያዩት «ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ እንዴት እምቢ እላለሁ» የሚል ስሜት ይይዛል። እምቢ ማለት ይችላሉ። ከጀመሩ በኋላም በማንኛውም ጊዜ መውጣት መብትዎ ነው። ቋንቋው ከከበደዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ። እህትዎ እንዲያስተረጉሙ ባይደረግ ይመረጣል፤ እሳቸውም ተጨንቀዋል፣ ከባዱን ነገር ሊያለዝቡት ይችላሉ።

የባዮፕሲ (ከዕጢው ተወስዶ የተመረመረው ናሙና) ውጤትዎን ይያዙ። ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ከሆነ ጽሑፉ ብቻ አይበቃም፣ ምስሉን በሲዲ ያስገልብጡ። የባዮፕሲውን ናሙና ራሱን ይፈልጉት እንደሆነም ይጠይቁ፤ ከላቦራቶሪ ማስወጣቱ ጊዜ ይፈጃል። መድኃኒቶችዎ ከነማሸጊያቸውና ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ ይሁኑ፤ ለጥቂት ቀናት የሚሆን ትርፍ ይጨምሩበት። የንግድ ስም ከአገር አገር ስለሚለያይ ዋና መጠሪያቸው (የንጥረ ነገሩ ስም) ይጻፍ። የባሕል መድኃኒትና ቫይታሚንም አይደብቁ። ከሚሞከረው መድኃኒት ጋር ሊጋጩ ይችላሉ።

በረራው ከ4 ሰዓት በላይ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ካንሰር በራሱ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል፣ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ደግሞ ያባብሰዋል። መከላከያ ያስፈልግዎ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። በጉዞው ላይ እየተነሱ ይራመዱ፣ ውኃ ይጠጡ። አንድ እግርዎ ብቻ ቢያብጥ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርዎ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሙከራው ውስጥ ከገቡ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ የመድኃኒቱ ስምና 24 ሰዓት የሚሠራ ስልክ የተጻፈበት ካርድ ይሰጥዎታል። ካልሰጡዎት ሳይቀበሉ አይውጡ። ለሐኪምዎ የሚሆን ደብዳቤም ይጠይቁ። ኬሞ እየወሰዱ ሙቀትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ሄደው መጀመሪያ ካርዱን ያሳዩ።