ስም መቀየር ብቻ አያድንም፦ በራስዎ ወጪ መጽሐፍ ከማሳተምዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የሦስት ልጆች እናትና በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በትንሽ ደሞዝ ደህና ኑሮ ስለመኖር በቴሌግራም ግሩፕ ስጽፍ ቆይቻለሁ። አሁን ጽሑፎቹን ሰብስቤ በራሴ ወጪ መጽሐፍ ላሳትም ነው። የአስቤዛ አያያዝ፣ የእቁብ አጠቃቀም፣ ወጪ ቆጣቢ የምግብ አሠራርና ከግሩፑ አባላት፣ ከጎረቤትና ከዘመድ የወሰድኳቸው እውነተኛ ታሪኮች አሉበት። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ ዘመዶቼም ቅር አይላቸውም። የሚያሳስበኝ መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ እንዳይለቀቅብኝ ነው። የት ላስመዝግበው? ሳይመዘገብ ማሳተም ይቻላል? ከማተሚያ ቤት ጋር በዋጋ ተስማምተናል። ለናሙና አንድ ምዕራፍ ልኬያለሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ናሙናውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚጠቅም መጽሐፍ ነው፤ እንዲታተምም እፈልጋለሁ። ነገር ግን የጠየቁኝ ሌሎች ከእርስዎ እንዳይወስዱ ነው። እርስዎ ከሌሎች ስለወሰዱት አንድም ጥያቄ አላነሱም። እኔን ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው።

የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በአዋጅ 872/2007 ተሻሽሏል) መሠረት መብትዎ የሚጀምረው ሥራው በጽሑፍ ከሰፈረበት ጊዜ ነው። ሳይመዘገብም ጥበቃ አለው። ቢሆንም ያስመዝግቡት። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚሰጥዎ የምስክር ወረቀት ክርክር ሲመጣ ጥሩ ማስረጃ ነው። ለማሳተም የቅድሚያ ፈቃድ አያስፈልግዎትም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ማለትም አይኤስቢኤን፣ የሚያገኙት በተለምዶ ወመዘክር ከምንለው የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ተቋም ነው። መጽሐፉ ሲታተም እዚያ የሚገቡ ቅጂዎች ስላሉ ቁጥሩን ሲወስዱ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ።

የበጀት ዘዴዎ ጥበቃ የለውም። ደሞዝን በፖስታ ከፋፍሎ ማስቀመጥም ሆነ ሽሮን በርካሽ ማዘጋጀት ሐሳብና ዘዴ ስለሆነ ማንም ይጠቀምበታል። ሕጉ የሚጠብቀው እርስዎ የጻፉበትን አገላለጽ ነው። ፒዲኤፉ ቢለቀቅ መጀመሪያ ማስረጃ ይያዙ፦ የቻናሉ ስም፣ ቀኑና የተመልካቹ ቁጥር የሚታይበት ስክሪንሾት። ከዚያ ለቴሌግራም ሪፖርት ያድርጉ፣ ቀጥሎም ጠበቃ ያማክሩ። የሽፋኑን ሥዕል የሠራውንና የገጹን ቅንብር የሚሠራውን ሰው በጽሑፍ ያዋውሉ፤ ሶፍት ኮፒው ለማን እንደሚተላለፍ ውሉ ውስጥ ይግባ። ለአከፋፋይ መጽሐፍ ሲሰጡ ብዛቱና የሚከፈልበት ቀን የተጻፈበት የርክክብ ሰነድ ያስፈርሙ። የግብሩን ጉዳይ እርስዎ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ለእርስዎ እተወዋለሁ።

አሁን ወዳልጠየቁኝ ልምጣ።

በላኩልኝ ምዕራፍ ውስጥ ስለ አንዲት ጎረቤትዎ ታሪክ አለ። ዝርዝሩን እኔም ቀይሬ ነው የማነሳው። ስሟን «አልማዝ» ብለው በቅንፍ «ስሟ የተቀየረ» ብለዋል። ቀጥሎ ግን ግቢው በር ላይ እንጀራ እንደምትሸጥ ጽፈዋል። መንታ ልጆች እንዳሏት፣ ባሏ የሚኒባስ ሹፌር እንደሆነና የቀኑን ገቢ ቤቲንግ ቤት ጨርሶ እንደሚገባም ጽፈዋል። እቁቧ ሲደርሳት ከባሏ ደብቃ እናቷ ጋ እንዳስቀመጠች ሁሉ አልቀረም። መጽሐፉ ላይ የእርስዎ ስምና ፎቶ አለ፤ ሰፈርዎም መግቢያው ላይ ተጠቅሷል። ታዲያ የተቀየረው ምንድን ነው? የሰፈሩ እድርተኛ በሙሉ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሳያልፍ ማን እንደሆነች ያውቃል። ባሏም ያውቃል፤ የእቁቡ ብር የት እንዳለም በዚያው ያውቃል።

ይህን አንብቤ ደነገጥኩ ብል ማጋነን አይሆንም። እርስዎ ብልህነቷን ለማድነቅ እንደጻፉት ገብቶኛል። ግን ያቺ ሴት ከዚህ መጽሐፍ በኋላ ማታ ቤቷ ምን እንደሚጠብቃት አስበዋል?

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይሄ ነው። «ስም ከቀየርኩ ነፃ ነኝ» ይላሉ። ሕጉ ስም ተጠራ አልተጠራ ብሎ አያቆምም። የሚያውቋት ሰዎች ለዩዋት ወይ? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2044 በጽሑፍም ይሁን በቃል ሌላውን በሕይወት ያለ ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም እንዲሳቅበት አድርጎ ክብሩን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የጣለ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል። ባልየው በዚህ ሊከስዎ ይችላል። ለመጉዳት አላሰብኩም ማለት ብቻውን አያድንም። እውነት ነው ብለው መከራከር ይቻላል፤ ግን ማስረዳቱ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ጎረቤት ቤቲንግ ቤት ስለመግባቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚመሰክርልዎ ማን ነው? ደግሞም እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ለአደባባይ የተፈቀደ አይደለም። የግል ሕይወት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። የእርስዎን መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚነካ ጠበቃዎ ረቂቁን ይዞ ይመርምረው።

ሁለተኛው ጉዳይ የግሩፑ አባላት ናቸው። በናሙናው ውስጥ በጥቅስ ምልክት የተቀመጡ ረጃጅም ጽሑፎች አሉ። አንደኛው ገጽ ተኩል ይሆናል፤ አጻጻፉም ከእርስዎ ይለያል። ይህ አባሏ ራሷ ጽፋ በኢንቦክስ የላከችልዎ ይመስለኛል። ከሆነ የጽሑፉ ባለቤት እሷ ናት። ስልክዎ ውስጥ መግባቱ የእርስዎ አያደርገውም። ሙሉውን አትሞ መሸጥ የእርስዎን ፒዲኤፍ ከሚለቀው ሰው ድርጊት የሚለየው በመጠን ብቻ ነው፤ እርስዎም የሚፈሩትን ነገር በሌላ ሰው ላይ እያደረጉ ነው። የቅጅ መብት አዋጁ በአንቀጽ 34 የሞራል ጉዳት ካሳ ከ100,000 ብር በታች እንዳይሆን ይላል። በራስ ወጪ የታተመ የመጀመሪያ መጽሐፍ ይህን ይችላል ብዬ አላስብም።

በግል የተላከ ከሆነ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 31 አለ። የምስጢርነት ባሕርይ ያለው ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን መግለጥ አይችልም። ሕጉ በ1952 ሲወጣ ቴሌግራም አልነበረም። ነገር ግን ስለ ደሞዟና ስለ ዕዳዋ በኢንቦክስ የጻፈች ሴት መልእክት ከደብዳቤ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም። የተከራካሪዎ ጠበቃም ይህንኑ ነው የሚሉት።

«ግሩፑ ላይ ስለጥፈው እኮ ፈቅዳልኛለች» ይሉ ይሆናል። ለግሩፕ የተሰጠ ፈቃድ ለሚሸጥ መጽሐፍ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። «ዘመዶቼም ቅር አይላቸውም» ብለዋል። ይህን ያሉት ግን እርስዎ ነዎት፤ እነሱ ሲሉ አልሰማሁም። ቡና ላይ «ጻፊው፣ ምን ችግር አለው» ያለ ዘመድ፣ መጽሐፉ መሸጥ ሲጀምር «ድርሻዬስ?» ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ ልጁን ሊድር ሲል ያ የዕዳ ታሪክ ይወጣበታል። በዚያን ጊዜ በእጅዎ ምንም ወረቀት የለም።

ስለዚህ ረቂቁን ከፊትዎ አድርገው ቁጭ ይበሉ። ሰው ያለበትን ታሪክ ሁሉ በእስክሪብቶ ያክብቡ። ለእያንዳንዱ ታሪኩን ማን እንደነገረዎ፣ መቼና በምን እንደነገረዎ ከጎኑ ይጻፉ። መልእክቶቹን አያጥፉ፤ ቀናቸው እንደታየ ቅጂ ያስቀምጡ። የአልማዝን ዓይነት ታሪክ ግን ፈቃድ እንኳ ብታገኙለት ያውጡት። ባሏ አልፈቀደም፤ አይፈቅድምም። ዘዴውን ብቻ ያስቀሩ፤ አንባቢ የሚፈልገው የእቁቡን ብር እንዴት ከወጪ እንደሚያድን ነው። የማን እንደሆነ አይፈልግም። ሌሎቹን ደግሞ የብዙ ሰው ገጠመኝ አድርገው እንደገና ማቀናበር ይችላሉ። ሥራው፣ ሰፈሩ፣ የልጁ ብዛት፣ የብሩ መጠን ሁሉ ይቀየር፤ ተቀናብሮ የተጻፈ መሆኑም በመግቢያው ይነገር።

እንዳለ የሚቀር ታሪክ ካለ የጽሑፍ ፈቃድ የግድ ነው። ፈቃዱ ላይ የሚታተመው ጽሑፍ ራሱ ይያያዝ። «ስለ እኔ የተጻፈውን አንብቤ» የሚል ቃል ይኑረው። በወረቀት፣ በኢመጽሐፍ፣ በትረካና በትርጉም ይፈቀድ እንደሆነ በየስሙ ይጠቀስ፤ በግልጽ ያልተጠቀሰ መብት እንደተላለፈ አይቆጠርም። ትረካውን አይርሱ፤ ዛሬ ብዙ መጽሐፍ በዩቲዩብ እየተተረከ ነው። ክፍያ አለ ወይስ የለም የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ቀን፣ ፊርማና ሁለት ምስክሮች ይኑሩት። ሕግ በጽሑፍ እንዲሆን የሚጠይቀው ውል ያለ ምስክር እንደማይጸና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 ይናገራል። ባለታሪኳ ማንበብና መጻፍ የማትችል ከሆነ አሻራ አስደርጎ መመለስ አይበቃም። በቁጥር 1728 መሠረት በሚመለከተው ባለሥልጣን ፊት መረጋገጥ ስላለበት ውልና ማስረጃ ይዘዋት ይሂዱ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ታሪክ ውስጥ ካለ ያለ ወላጅ ወይም ሞግዚት ፈቃድ አይንኩት።

ፎቶም እንዳለ ጠርጥሬያለሁ፤ «ሥዕል ገጽ 41» የሚል ባዶ ቦታ አይቻለሁ። የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ ማባዛትና መሸጥ በዚያው ሕግ ቁጥር 27 የተከለከለ ነው። የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቁጥር 28 አሉ፤ ጉሊት ላይ የተቀመጠች እናት ፎቶ ግን በቀላሉ የሚገባባቸው አይመስለኝም። የድስቱን ፎቶ ያንሱ፤ ሰውየው ይቅር።

ይህ ሁሉ አንድ ምዕራፍ ብቻ አይቼ የሰጠሁት ጠቅላላ ምክር ነው። ሙሉውን ረቂቅ፣ ያሉዎትን መልእክቶችና ፈቃዶች ይዘው በአካል አንድ ጠበቃ ያማክሩ። የሚከፍሉት ይበዛብኛል ካሉ ቢያንስ ታሪኮቹ ያሉባቸውን ገጾች ብቻ ያስነብቡ።

አንድ ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም። «በዋጋ ተስማምተናል» ሲሉ ቀብድ ከፍለዋል ማለት ነው? ከከፈሉ ደረሰኙንና ውሉን ያውጡ፤ ረቂቅ ለመቀየርና ቀኑን ለማራዘም ምን እንደሚል ያንብቡ። ከዚያ የመጨረሻው ረቂቅ በጽሑፍ ሳያጸድቁት ሕትመት እንዳይጀመር የሚል ደብዳቤ ለማተሚያ ቤቱ ዛሬውኑ ያስገቡ። በቅጂው ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማና ማኅተም ተቀብለው ፋይልዎ ውስጥ ያስቀምጡ።