ላፕቶፑ ቦሌ፣ ታክሱ አሜሪካ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ ይዘው ውጭ አገር እየኖሩ በኦንላይን ሥራ የሚተዳደሩ አንባቢዎች ብዙ ጥያቄ ልከውልኛል። አብዛኞቹ «ታክስ እንዲቀንስልኝ ምን ዓይነት ድርጅት ልክፈት?» የሚሉ ናቸው። እኔ ግን ከድርጅቱ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የያዙት ወረቀት ምንድን ነው? ቁጭ ብለው የሚሠሩትስ የት ነው? የድርጅቱ ስም ብቻውን የሚለውጠው ነገር ሰው እንደሚያስበው ብዙ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች፣ ሌላ ካላልኩ በስተቀር፣ የ2025 (እ.ኤ.አ.) የታክስ ዓመት ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። ኑሮዬን ጠቅልዬ አዲስ አበባ ገብቻለሁ። አሜሪካ ላሉ ደንበኞች ሶፍትዌር እሠራለሁ። ወጪዬ ተቀንሶ በዓመት 60 ሺህ ዶላር ይቀረኛል። ጓደኛዬ «ዋዮሚንግ ኤልኤልሲ (የአሜሪካ ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ክፈት፣ እዚያ ታክስ የለም» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጓደኛህ ግማሹን ብቻ ነው የነገረህ። ዋዮሚንግ የስቴት የገቢ ታክስ የላትም። ዓመታዊ ክፍያዋም ከ60 ዶላር ይጀምራል። ነገር ግን የአንድ ሰው ኤልኤልሲ፣ ሌላ ምርጫ ካላስገባህ፣ ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ለአይአርኤስ፣ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ገቢው በቀጥታ በአንተ ስም ይታያል። ስለዚህ በፌዴራል ታክስህ ላይ አንድ ሳንቲም አይቀንስም።

የገቢ ታክሱን የሚያነሣልህ ፎርም 2555 ነው። ውጭ አገር ሠርተህ ካገኘኸው ውስጥ እስከ 130 ሺህ ዶላር ድረስ ከገቢ ታክስ ነፃ ያደርግልሃል። ለ2026 ጣሪያው 132,900 ሆኗል። በተከታታይ 12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ መሆን ወይም የሌላ አገር ቋሚ ነዋሪ መሆንህን ማሳየት አለብህ። ደንበኛህ አሜሪካዊ መሆኑ ምንም አያደርግም። የሚታየው ሥራውን ስትሠራ አንተ የነበርክበት ቦታ ነው። ለገና ሜሪላንድ ሄደህ ሦስት ሳምንት ብትሠራ ግን የዚያ ሦስት ሳምንት ገቢ በዚህ ፎርም አይሸፈንም።

ስለዚህ የገቢ ታክስህ ዜሮ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ደስ ብሎት ወረቀቱን የሚዘጋው። አትዝጋው። ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና) ታክስ አለ፤ 15.3 ከመቶ ነው። ፎርም 2555 እሱን አይነካውም። የሚሰላው በትርፍህ 92.35 ከመቶ ላይ ነው። በ60 ሺህ ላይ ወደ 8,478 ዶላር ይመጣል። ትርፍህ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ጀምሮ ይህን ማስላትና ፋይል ማድረግ ግዴታ ነው። ጀርመን ወይም ስዊድን ብትሆን አገሮቹ ከአሜሪካ ጋር የሶሻል ሴኩሪቲ ስምምነት ስላላቸው በአንዱ በኩል ብቻ ትከፍል ነበር። ኢትዮጵያ ይህ ስምምነት የላትም። የሚያጽናናው ገንዘቡ ለጡረታህ መቆጠሩ ነው። የአሜሪካን ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት (የሥራ ጊዜ ነጥብ) ያስፈልጋል፤ በዓመት ከአራት በላይ አይገኝም።

ሌላም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ12 ወር ከ183 ቀን በላይ የቆየ ሰው በኢትዮጵያም ሕግ ነዋሪ ነው። ነዋሪ ደግሞ ከየትም አገር ባገኘው ገቢ ላይ ታክስ አለበት። ከፍተኛው ተመን 35 ከመቶ ነው። «ዶላሩ አሜሪካ ባንክ ነው የሚገባው» የሚለው መልስ ገቢዎችን አያሳምንም።

ኤልኤልሲው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይመቻል። ደንበኛ ቢከስህ የግል ንብረትህን ይከልላል። ለዚህ ከሆነ ክፈተው።

ጥያቄ፦ ነጠላ ነኝ፣ ናይሮቢ ነው የምኖረው፣ ትርፌ 90 ሺህ ዶላር ነው። ኤልኤልሲዬን ወደ ኤስ ኮርፕ ብቀይረው ያን 15.3 ከመቶ እቀንሳለሁ ይሉኛል።

መልስ፦ ኤስ ኮርፕ ማለት ባለቤቱ ደመወዝ ወስዶ የቀረውን እንደ ትርፍ የሚያገኝበት የታክስ አያያዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሚኖር ሰው ጥሩ ምክር ነው። ለእርስዎ ግን እስቲ አብረን እናስላው።

ምንም ሳይቀይሩ ቢቀጥሉ የገቢ ታክስዎ ዜሮ ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለውን የ15.3 ከመቶ ታክስ ግን ወደ 12,716 ዶላር ይከፍላሉ። አሁን ኤስ ኮርፕ አድርገው ለራስዎ 50 ሺህ ደመወዝ ቆረጡ እንበል። በደመወዙ ላይ በሠራተኛም በአሠሪም በኩል 7,650 ይከፈላል። የአሠሪው ድርሻ ተቀንሶ 36,175 ትርፍ ይቀራል። ይህ ትርፍ የሥራ ገቢ ስላልሆነ ፎርም 2555 አይሸፍነውም። 15,750ው መደበኛ ተቀናሽ ከወጣ በኋላ 20,425 ታክስ ይሰላበታል። ያውም ከታችኛው ተመን አይጀምርም። አይአርኤስ ነፃ የወጣውን 50 ሺህ ከሥር አስቀምጦ ነው የሚያሰላው፤ ስለዚህ 22 ከመቶ ይገባበታል። ወደ 4,494 መሆኑ ነው። ድምሩ 12,144 ገደማ።

ያተረፉት 570 ዶላር ግድም ነው። በዚህ ገንዘብ ለራስዎ ፔይሮል (የደመወዝ አከፋፈል) ያስኬዳሉ፣ ለድርጅቱም ለብቻው ታክስ ያሠራሉ። አካውንታንቱ ከዚያ በላይ እንደሚያስከፍልዎት እወራረዳለሁ። ደግሞ አንድ ቀን አሜሪካዊ ያልሆነችና በታክስ ሕግ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነች ባለቤትዎን ባለድርሻ ላድርግ ቢሉ ኤስ ኮርፕነቱ ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ዜግነቴ ኢትዮጵያዊ ነው። ዩቲዩብ ቻናሌን ከአዲስ አበባ ነው የምሠራው። 330 ቀኑን ልሙላ ብዬ አቅጃለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቆይ! ታክስ ልታድኚ ብለሽ ካርዱን እንዳታጪ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ የትም ይኑር የት፣ ካርዱን በይፋ እስካልመለሰ ወይም እስካልተነጠቀ ድረስ እንደ ዜጋው ከዓለም ዙሪያ ባገኘው ገቢ ታክስ አለበት። ፎርም 2555ን መጠቀምም ይችላል። ግን ዜጋ ካልሆንሽ «የሌላ አገር ቋሚ ነዋሪ ነኝ» የሚለው መንገድ የሚከፈተው አገርሽ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ታክስ ስምምነት ካላት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የላትም። የሚቀርሽ የ330 ቀኑ መንገድ ነው።

ችግሩ ይኸው ነው። ኢሚግሬሽን ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚያስበው። ከስድስት ወር በላይ ውጭ ከቆየሽ ስትመለሺ ጥያቄ ይበዛል፣ ለዜግነት የምትቆጥሪው ጊዜም ሊቋረጥ ይችላል። ዓመት ከሞላሽ ካርዱ ብቻውን መመለሻ አይሆንሽም። ከመውጣትሽ በፊት በፎርም አይ-131 የሪ-ኤንትሪ (የመመለሻ) ፈቃድ ብትጠይቂ እስከ ሁለት ዓመት ይሰጣል። የጠበቃ ምክር የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ለጠበቃው የምትከፍዪው ከታክሱ ቢበልጥም። በእኔ ግምት ዜግነት ለማግኘት ትንሽ ጊዜ ከቀረሽ፣ ታክሱን ከፍለሽ ወረቀትሽን መጨረስ ይሻላል።

ዩቲዩብ ላይ ደግሞ የምትሞዪው ዳብልዩ-9 (የአሜሪካ ታክስ ከፋዮች ፎርም) ነው። የውጭ ዜጎችን ፎርም ከሞላሽ ከአሜሪካ ተመልካቾች የምታገኚው ላይ 30 ከመቶ ይቆረጥብሻል።

ጥያቄ፦ አሜሪካዊ ነኝ፣ ቢጫ ካርድም አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ፒኤልሲ ከፍቼ ገቢውን በሱ በኩል ባደርግስ?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። ምክንያቱም መልሱ እንደ ሥራዎ መጠን ይለያያል።

የ2013ቱ (ዓ.ም.) የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር (ፒኤልሲ) እንዲያቋቁም ፈቅዷል። እርስዎ የማኅበሩ ተቀጣሪ ሆነው ደመወዝ ቢወስዱ አሠሪዎ የውጭ ድርጅት ነው፤ ሥራውም ውጭ ነው። በዚህ ደመወዝ ላይ የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ የለም። በሕጋዊ መንገድ ያን 15.3 ከመቶ የሚያስቀረው እንዲህ ዓይነቱ አሠራር ነው። ደመወዙን በፎርም 2555 ነፃ ያወጡታል፤ ወይም ኢትዮጵያ ውስጥ የከፈሉትን የደመወዝ ታክስ በፎርም 1116 ከአሜሪካው ታክስ ጋር ያካክሱታል።

ዋጋውስ? ከግማሽ በላይ በአሜሪካውያን የተያዘ የውጭ ድርጅት ካለዎት በየዓመቱ ፎርም 5471 ይሞላሉ። ያልተሞላበት ዓመት ቅጣቱ 10 ሺህ ዶላር ነው፤ ድርጅቱ ባያተርፍም። ድርጅቱ ውስጥ ያስቀሩት ትርፍም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጊልቲ ይባል በነበረው ሕግ ሳይከፋፈል በእርስዎ ስም ታክስ ሊሰላበት ይችላል። ከ2026 ጀምሮ ስሙ ተቀይሯል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ታክስ ይጠቅምዎታል። ትርፉ ላይ ከ18.9 ከመቶ በላይ ለሌላ አገር ከከፈሉ ከዚህ ሕግ እንዲወጣልዎት መምረጥ ይችላሉ። የኢትዮጵያ የድርጅት ታክስ 30 ነው። ዱባይ ያለ ወዳጅዎ ግን ይህ ዕድል የለውም። እዚያ የድርጅት ታክሱ 9 ከመቶ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ገነት የሆነው ፍሪ ዞን (የታክስ ማበረታቻ ያለው የንግድ ቀጠና) ለአሜሪካዊ ራስ ምታት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ትርፉን እንደ ዲቪደንድ (የባለድርሻ የትርፍ ድርሻ) ሲያወጡ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የታክስ ስምምነት ስለሌለ ዝቅተኛው የዲቪደንድ ተመን አይሰጥዎትም፤ እንደ ተራ ገቢ ይሰላል።

ስለዚህ ብቻዎን 60 ሺህ የሚያገኙ ፍሪላንሰር ከሆኑ አልመክርዎትም። በአንድ በኩል ያዳኑት በኢትዮጵያ ታክስ፣ በሒሳብ ሠራተኛና በፎርም 5471 ያልቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ሠራተኞች ቀጥረው፣ ቢሮ ተከራይተው የሚሠሩ ከሆነ ግን ፒኤልሲው በራሱ ምክንያት ያስፈልግዎታል። ያን ጊዜ ታክሱን ከሥራው ጋር ማስማማት ነው።

ጥያቄ፦ የትኛው አገር ነው ዜጋውን ባሕር ማዶ ተከትሎ ታክስ የሚለው? ፍትሕ ነው?

መልስ፦ በይበልጥ የሚታወቁት አሜሪካና ኤርትራ ናቸው። አስመራ በውጭ ካሉ ዜጎቿ ገቢ 2 ከመቶ ትጠይቃለች። አሜሪካ ነገሩን የጀመረችው በእርስ በርስ ጦርነቷ ዘመን፣ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ሜክሲኮ የሚኖር ኩክ የሚባል አሜሪካዊ ተከራክሮ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1924 (እ.ኤ.አ.) ፈረደበት። ፍትሕ ነው ወይ ላሉት፣ እኔ አይመስለኝም። ሕጉ ግን ይኸው መቶ ዓመት አለፈው።

ጥያቄ፦ እስራኤል ነው የምኖረው። የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፣ ሦስት ልጆቼም እንዲሁ። ለራሴ ነው የምሠራው። ሁልጊዜ ፎርም 2555 ነው የሚሞሉልኝ።

መልስ፦ ያስቁሟቸውና እንደገና ያሰሉልዎት። የእስራኤል የገቢ ታክስ ከባድ ስለሆነ እዚያ የከፈሉት ብቻውን፣ በፎርም 1116 በኩል፣ የአሜሪካውን ሊያጠፋው ይችላል። ፎርም 2555ን የተጠቀመ ሰው ደግሞ ተመላሽ የሚሆነውን የልጆች ክሬዲት (የታክስ ቅናሽ) ያጣል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ላለው ከ17 ዓመት በታች ልጅ ተመላሹ እስከ 1,700 ዶላር ነው። በሦስት ልጅ እስከ 5,100 ማለት ነው። እስራኤልም ከአሜሪካ ጋር የሶሻል ሴኩሪቲ ስምምነት የላትም። ስለዚህ ቢቱዋህ ሌኡሚ (የእስራኤል ብሔራዊ መድን) ከፍለውም 15.3 ከመቶው አይቀርልዎትም፤ ይህ ተመላሽ ያን ለመሸፈን ያግዛል። ልብ ይበሉ፣ ፎርም 2555ን አንዴ ከተዉት ያለ አይአርኤስ ፈቃድ አምስት ዓመት ሊመለሱበት አይችሉም። መጀመሪያ የሚቀጥሉትን ዓመታት አብረው ያስቡ።

ጥያቄ፦ ካሊፎርኒያን ለቅቄ ከወጣሁ ስቴቱ ይተወኛል?

መልስ፦ መልቀቅዎን ካስረዱ። ቤቱ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ የመራጭነት ምዝገባው እዚያው ካለ «ለጊዜው ነው የወጡት» ይሉዎታል። ካሊፎርኒያ ደግሞ የፎርም 2555ን ነፃነት አትቀበልም። እዚያ የተመዘገበ ኤልኤልሲ ካለዎት ቢያንስ 800 ዶላር በዓመት ይከፍላሉ።

ጥያቄ፦ እኔ አሜሪካዊ አይደለሁም፣ አዲስ አበባ ነኝ። ኤልኤልሲ አሜሪካ ውስጥ ብከፍትስ?

መልስ፦ ይችላሉ። ሥራውን ኢትዮጵያ ቁጭ ብለው ከሠሩት የአገልግሎት ገቢው በመሠረቱ የአሜሪካ የገቢ ታክስ የለበትም። የውጭ ባለቤት ያለው ኤልኤልሲ የሚያስገባው ፎርም 5472 ግን በየዓመቱ ይላካል። ከረሱት ቅጣቱ 25 ሺህ ዶላር ነው። ኤልኤልሲውን የከፈቱልዎት ሰዎች ይህን ነግረውዎታል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለው ሒሳብ የእናቴ ነው፤ እኔ በውክልና ነው የምፈርምበት። ታክስም ለዓመታት አላሠራሁም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሁለቱን አብሬ ልመልስ። ኤፍባር የሚባለው የባንክ ሒሳብ ሪፖርት የሚጠይቀው የእርስዎን ገንዘብ ብቻ አይደለም። የመፈረም ሥልጣን ያለዎትንም ይጨምራል። ውጭ ያሉት ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10 ሺህ ዶላር ካለፉ መላክ አለበት። ቤት ለማሠራት በእናት ስም ብር ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ይስማ። ታክስ አያስከፍልም፤ ማሳወቅ ብቻ ነው።

ያላሠሩትን ዓመታት በተመለከተ፣ ባለማወቅ የቀረ ከሆነና ውጭ የሚኖሩ ከሆነ አይአርኤስ ስትሪምላይንድ የሚባል መንገድ አለው። የሦስት ዓመት ታክስና የስድስት ዓመት ኤፍባር ያስገባሉ። ሆን ብለው እንዳላደረጉት ፈርመው ያስረዳሉ። ያልተከፈለውን ታክስና ወለዱን ይከፍላሉ፣ ቅጣቱ ግን ይነሣልዎታል። የሚሠራው እነሱ ምርመራ ሳይጀምሩብዎት በፊት ነው። ያለፈውን ካስተካከሉ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ፣ ውጭ ለሚኖር ሰው የማስገቢያ ቀኑ ሰኔ ውስጥ፣ ጁን 15 ነው፤ ወለድ ግን ከኤፕሪል 15 ጀምሮ ይቆጠራል። የሚያሠሩትን ሰው ከመምረጥዎ በፊት «ስትሪምላይንድ ሠርተህ ታውቃለህ?» ብለው ይጠይቁት። ካመነታ ሌላ ሰው ይፈልጉ።